አጎቴ ጥርሱን የተነቀለ ጊዜ

(ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ለተሰበሰቡ ወላጆችና መምህራን ከልጆች ስለሚደበቅ ሚስጥር ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ማራገቢያው ድምፄን እየበላው ነው መሰለኝ። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡ።

እኔ ፈረንሳይኛ የተማርኩት በሚስጥር ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። የባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛን ከሥራው ጋር ነው የለመዱት። ለገሃር የምንለው ቃል ራሱ የፈረንሳይኛ ነው። ማታ ማታ የአባቴ ጓደኞች ቤት ሲመጡ ወሬው በአማርኛ ይጀመራል። መሀል ላይ አንዱ እኛን ልጆቹን በዓይኑ ገረፍ ያደርግና «ፓ ዱቫን ሌ ዛንፋን» ይላል። ልጆቹ ፊት አይሆንም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው።

እናቴ ደግሞ ከጎረቤታችን ጋር በኦሮምኛ ነበር የምትደብቀን። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስት ከልጆቻቸው የሚደብቁት ነገር ሲኖር በሶማሊኛ ይንሾካሾካሉ፤ የገዛ ልጆቻቸው ሶማሊኛ የሚያውቁ መሆኑን ረስተው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ «ልጆች» የሚለውን ቃል ሳላጠና በሦስት ቋንቋ አወቅሁት። ዛንፋን፣ ኢጆሌ፣ አሩር። ቃሉ በተጠራ ቁጥር ድምፅ ዝቅ ይላል። ድምፅ ዝቅ ሲል የእኔ ጆሮ ይቆማል።

ደግሞ ድሬ ለሚስጥር የምትመች ከተማ አይደለችም። ሙቀቱ በር አያስዘጋም። ሲጠናብን አልጋ ግቢ አውጥተን ነበር የምንተኛው። አምስት ቤተሰብ አንድ ግቢ ውስጥ። አንዱ ሲያንኮራፋ ሌላው ይገላበጣል። ሸቀጥ መደበቅ እንችልበታለን (ሳቃችሁን ሰምቻለሁ፣ ፊናንስ እዚህ የለም አይዟችሁ)፣ ቃል መደበቅ ግን ብዙም አልሆነልንም።

አሁን ስለ ደብዳቤዎቹ ልንገራችሁ።

አያቴን እማማ ነበር የምንላት። ማንበብ አትችልም። ትንሹ ልጇ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ ጅቡቲ ነበር ያለው። በየሁለት ሦስት ወሩ ደብዳቤ ይመጣል። በፖስታ አይደለም፣ በባቡር ሰው እጅ ነው። ቴምብር የለውም። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ነው የጀመርኩት። አባቴ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠኝና «ዓይኔን ደክሞኛል፣ አንቺ አንብቢላት» ይልና ይወጣል። ሁልጊዜ ይወጣል። ያን ጊዜ ዓይኑን የሚያመው ይመስለኝ ነበር።

ለደብዳቤ ንባብ ሥርዓት አለን። ቡና ይፈላል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ፖስታው አይከፈትም። እማማ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እንግዳ እንደሚገባ ሁሉ። ከዚያ «በይ» ትለኛለች። «ይድረስ ለምወድዎ እናቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ከዚያ ስለ ወደቡ ሥራ፣ ስለ ባሕሩ ወበቅ፣ ዓሣ መብላት ስለመልመዱ። መጨረሻ ላይ ሰላም የሚባሉ ሰዎች ዝርዝር። ዝርዝሩ ውስጥ የእኔም ስም አለ። ስሜን ሳነብ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን እማማ ሰምታ ስትጨርስ «ስለ ጥርሱ ምንም አላለም?» አለችኝ። ጋሼ ከመሄዱ በፊት መንጋጋው ያሠቃየው ነበር አሉ።

«አላለም።»

«እስቲ ገልብጪው፣ ከጀርባ ጽፎ ይሆናል።»

ገለበጥኩት። ባዶ ነው። ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። እንደ ቀልድ ነው የነገርኩት፤ እማማ ወረቀት አስገለበጠችኝ ብዬ። አባቴ እንጀራውን እየቆረሰ «እ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። «ያ ሲያስቸግረኝ የነበረው ጥርስ ተነቅሎልኛል፣ ሐሳብ አይግባዎ።»

እማማ እግዜርን አመሰገነች። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። የጠየቀችኝ ብቻችንን ሆነን ነው። እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ልክ እንደ ትልቅ ሰው አሰላሰልኩ። ጅቡቲ ሩቅ አይደለም፣ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባቡሩ ይመላለሳል፣ አባቴ ለአንድ ሰው ነግሮት ያ ሰው ለጋሼ ነግሮት ይሆናል። ይሆናል። ግን ዓይኔ «ጥርስ» የሚለው ቃል ላይ ተተከለ። አባቴ «ጥ» ሲጽፍ ወገቧን ያጎብጣታል። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለ ካላንደር አለ። የማታ ተረኛ የሆነባቸውን ቀኖች «ጥበቃ» እያለ ይጽፍበታል። ሄጄ አየሁት። ያቺው ጎባጣ «ጥ» ናት።

አሥር ዓመቴ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የሚቀጥለውን ደብዳቤ አነበብኩላት። ከዚያ የሚቀጥለውንም። ድምፄን እያሳመርኩ፣ ስሜ ጋ ስደርስ እንደ ወትሮው ከፍ እያደረግኩ። ማንም «ዝም በይ» አላለኝም። ይቺን ልብ በሉልኝ። ያስፈራራኝ የለም፣ ያስማለኝ የለም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይኼንኑ ነው። ቤታችን ውስጥ የነበረው ሚስጥር አንድ አልነበረም። አንደኛው የትልልቆቹ ነው፤ አጎቴ ሞቷል። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ እኔ አውቄያለሁ። የእነሱን አራት አምስት ሰው ተካፍሎ ነው የሚሸከመው። ሲከብዳቸው በፈረንሳይኛ ይነጋገሩበታል። የእኔን የማካፍለው ሰው የለም። እንኳን ሰው፣ የምደብቅበት ቋንቋ እንኳ የለኝም። የማውቃቸውን ሁሉ እነሱ ያውቋቸዋል።

ትልልቆቹ ክፉዎች ነበሩ እያልኩ አይደለም። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ወደ ጅቡቲ በእግሩ ከወጡት ወጣቶች አንዱ ነው። ድንበሩ ጋ አልደረሰም። ወሬውን ለአባቴ ያመጣው አንድ የባቡር ሰው ነው፣ በፈረንሳይኛ። ዘመኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በቀይ ሽብር ልጁ የተገደለበት ሰው ድንኳን ጥሎ እንዳያለቅስ የተከለከለበት ዘመን ነው። እናት እንባዋን ደብቃ ገበያ ትወጣለች። የሸሸ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ስሙ ባይነሳ ይመርጣል። ልጅ ደጅ ወጥቶ ያወራል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ደበቁ። ትክክል ነበሩ፣ በዚያ ሰዓት።

ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «እስኪረጋጋ» ተባለ። ተረጋጋ። «ደም ብዛቷ ይውረድ» ተባለ። ለገና እንንገራት ተባለ፣ በገና ማን ያረዳል ተብሎ ለፋሲካ ተቀጠረ። ለፋሲካ ጾሙ አድክሟት ነበር። በዚህ መሀል እማማ «ልጄ ምነው ድምፁ ጠፋ» ስትል አባቴ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። አንድ ብቻ ሊሆን ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላም እየጻፈ ነበር። ከብዙ ቤተሰብ ጋር ሠርቼ ያየሁት ይኼንኑ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄን ልዋሽ» ብሎ አይወስንም። ዛሬ አይሆንም ይላል። ነገም አይሆንም ይላል።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ብዙ ቃል አለው። ሚስጥር አለ፣ ገመና አለ፣ «ሆድ ይፍጀው» አለ። ገመና መሸፈን ነውር አይደለም። ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ ቢጣሉ፣ አባት ሥራው ላይ ቢዋረድ፣ ልጅ ሁሉን ይወቅ አልልም። መኝታ ቤት በር አለው፣ ይዘጋ። እኔ የምለው ልጁ ራሱ ውስጡ ስላለበት ነገር ነው። ስለ ራሱ አካል፣ ስለ ራሱ እናት፣ በየቀኑ ስለሚጠብቀው ሰው። እሱ የእናንተ ገመና አይደለም፣ የእሱ ታሪክ ነው። እናንተ አደራ ተቀባዮች ናችሁ።

ነርስ ነኝ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት የምናያቸው ሕፃናት ብዙዎቹ አያድጉም ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ አደጉ። ደስታ ነው። ግን ያደገ ልጅ ይጠይቃል፣ ለዚህ አልተዘጋጀንም ነበር። እናቶች «ቫይታሚን ነው» ይሏቸዋል። «የሳንባ ነው» የሚሉም አሉ።

አንድ ልጅ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። መድኃኒቱን እየቆጠርኩለት «ሲስተር፣ ቫይታሚን ከሆነ ለእህቴ ለምን አይሰጣትም?» አለኝ። ምን ልበለው? «እሷ ምግብ ትበላለች» አልኩት። አፍሬበት የማላውቀውን ያህል ዛሬም ያቺን መልስ ሳስባት አፍራለሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ እናቱ ውጪ ካርድ ስታወጣ ጠጋ አለኝ። «መጠበቂያው ጋ ያለውን ፖስተር አንብቤዋለሁ» አለኝ። ፖስተሩ ላይ የግድግዳ ሰዓት ተስሏል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒታችሁን ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ውሰዱ ይላል። የእሱም ጠዋትና ማታ ነው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ለእማዬ እንዳይነግሯት። ማወቄን ካወቀች ታለቅሳለች።»

እናቱ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ገብታ «ሲስተር፣ ገና ልጅ ነው፣ እስኪጎረምስ አይገባውም» አለችኝ። ሁለቱም አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። አንዱ ለሌላው ሲል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ መመሪያ አውጥቷል። ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ የራሱን ሁኔታ ሊነገረው ይገባል፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ እንደ አቅሙ በጥቂት በጥቂቱ ይላል። በጥቂት በጥቂቱ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለትንሽ ልጅ «ሰውነትህ ውስጥ ወታደሮች አሉ፣ መድኃኒቱ ወታደሮቹን ያጠነክራቸዋል» እንላለን። ውሸት አይደለም። ከዓመት በኋላ ወታደሮቹን የሚያደክም ጠላት እንዳለ ይነገረዋል። የጠላቱ ስም በመጨረሻ ነው የሚመጣው። ያኔ ልጁ አዲስ ቤት አይገባም፣ የሚያውቀው ቤት ውስጥ አንድ መብራት ይበራለታል እንጂ።

ለዚያች እናት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ መዘጋጀት ፈጀባት። በአራተኛው ራሷ ነገረችው፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። ልጁ እንደ አዲስ ነገር ሰማ። ዓይኑን አፍጥጦ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ። ሲያስመስል አየሁት። ሲወጡ ቦርሳዋን ተቀብሎ ያዘላት።

«ልጅ ምን ያውቃል» የምንለው ነገር እኮ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ቀላል ሙከራ አድርጎ ነበር። እናት ከጨቅላ ልጇ ጋር ትጫወታለች። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ድርቅ ታደርጋለች፣ ምንም ሳትናገር። ሕፃኑ ይፈግግላታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል። መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል። አፍ ያልፈታ ልጅ ነው እንግዲህ። እኛ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ፊት ስልክ አንስተን፣ ፊታችን አመድ መስሎ፣ «ምንም አይደለም ሂድ ተጫወት» እንላለን።

ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ የሞላ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። እዚህ ካላችሁት ያልነካው የለም። በማግሥቱ መጠለያ ውስጥ ስንረዳ አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከበሩ ላይ አልነሳም አለች። ምግብ ሲመጣ እዚያው ትበላለች። ሴቶቹ «እናትሽ ሐኪም ቤት ናት፣ ትመጣለች» ብለዋታል። ካሏት ታዲያ ለምን ትነሳ? በር ላይ ሆኖ መጠበቅ ነዋ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠበቀች። የነገሯት ሰዎች እያለፉ ራሷን ይዳስሷታል። ርኅራኄ ነው። ግን ከበሩ ላይ የሚያነሳት አልሆነም።

እኛ እኮ መርዶ ማርዳት የምናውቅ ሕዝብ ነን። ስልክ ደውሎ «እናትህ ሞተች» የሚል ሰው ከእኛ መሀል የለም። ሽማግሌ ይፈለጋል። ዘመድ ይሰበሰባል። ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ሰውየው ለብሶ እስኪቀመጥ ይጠበቃል፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ይቆማል። ሲነገረው የሚጮኸው ብቻውን አይደለም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀናት ብቻውን አያድርም። ይኼን ሁሉ ማንም ኮርስ አልሰጠንም። አሁን ልጠይቃችሁ፤ በሩ ሲንኳኳ የቤቱ ልጆች የት ናቸው? ጎረቤት ቤት። ከረሜላ ይዘው። እየሰሙ። ያ ግራና ቀኝ የሚቆመው ሰው ለልጁም ቢቆምለት ምን ነበረበት?

ንግግሩን ስጨርስ ሁለት ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፣ እነሱን እዚህ ልጨምራቸው።

አንድ አባት «ልጅ ሁሉን ካወቀ ልጅነቱ የት አለ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የልጅነቴን ግማሽ የፈጀሁት የሰው እጅ ጽሑፍ ሳመሳክር ነው አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ቢነግሩሽ ይሻል ነበር?» አሉኝ። አለቅስ ነበር፣ ከዚያ ሄጄ ሱዚ እዘል ነበር።

አንዲት እናት ደግሞ ሰው እንዳይሰማት ከአዳራሹ ውጪ ጠብቃ ነው የጠየቀችኝ። ልጅ በማደጎ ታሳድጋለች፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አያውቅም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ወላጆችን ማወቅን ከሕፃን መብቶች ውስጥ ይቆጥረዋል፣ ግን ያን ሰዓት አንቀጽ መጥቀስ ምን ይረባታል። «ሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው ያውቃል?» አልኳት። በጣቷ መቁጠር ጀመረችና አሥር ስትሞላ ተወችው። ሰፈር ቀድሞ ከነገረው እናቱ ስትዋሸው እንደኖረች ነው የሚሰማው። አንቺ ከነገርሽው ግን ታሪክ ነው፣ ከእሱ የጎደለ ነገር የለም አልኳት። «እንዴት ብዬ ልጀምር?» አለች። የመጣ ዕለት ምን ለብሶ እንደነበር ታስታውሻለሽ? አልኳት። ሳታስብ ነገረችኝ፣ ቢጫ ሹራብ፣ አንድ ቁልፉ የጠፋ። በእሱ ጀምሪ አልኳት።

እማማ በ1982 አረፈች። ማንም አልነገራትም። ደብዳቤዎቹን በሻሽ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። አባቴ ሳጥኑን ሲከፍት እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ሁለታችንም አየናቸው፣ ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ ማወቄን አያውቅም።

ነገሩን ያነሳሁት ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከዚራ ዛፍ ሥር ከጓደኞቹ ጋር እየዋለ ይመጣል። የድሮው ባቡር ቆሟል፣ ወሬያቸው ግን አልቆመም። አንድ ከሰዓት ብቻችንን ቡና ስንጠጣ ድንገት ከአፌ ወጣ።

«አባባ፣ የጋሼን ጥርስ ግን ማን ነቀለው?»

ሲኒውን አስቀመጠ። ብዙ ቆየ። እኔ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እናቱ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ጥርሱ ስትጠይቅ «መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ አንድም ቀን ጠይቃ እንደማታውቅ ነገረኝ። እሱም ይኼን ያስተዋለው ከሞተች በኋላ ነው። ማወቅ አለማወቋን ዛሬም አያውቅም። እኔም አላውቅም።

ሲኒውን እንደገና አነሳና ሳያየኝ፦

«አንቺ ነሽ ያስነቀልሽው» አለኝ። «እራት ላይ አምጥተሽ ስትዘረግፊው ምን ላድርግ? ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬ ነው። ይታከም ብል መልሳ ልትጠይቅ ነው። ነቀልኩት፣ ተገላገልኩ።»